ሕገ-ወጥ የቻርተር በረራ

ሕገ-ወጥ የቻርተር በረራ («ግራጫ ቻርተር» በመባልም ይታወቃል) ተገቢው የአየር ኦፕሬተር ሰርተፍኬት ሳይኖር መንገደኞችን በክፍያ ማጓጓዝ ነው። አውሮፕላኑ በሕግ የተመዘገበ፣ አብራሪውም ፈቃድ ያለው ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ በግል በረራ ስም ንግድ መካሄዱ ነው።

የግልና የንግድ በረራ

የግል አብራሪ ፈቃድ ያለው ሰው ጓደኞቹን ይዞ መብረር ይችላል። በእንግሊዝ ሕግ የነዳጅና የማረፊያ ወጪን ከተሳፋሪዎቹ ጋር መጋራትም ተፈቅዷል፤ ሆኖም አብራሪው የራሱን ድርሻ መክፈል አለበት፣ ማትረፍም አይችልም። በክፍያ ለማጓጓዝ ግን አብራሪው የንግድ አብራሪ ፈቃድ፣ ድርጅቱም ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል። ሰርተፍኬቱ እንዲሁ ወረቀት አይደለም፤ ከበስተጀርባው የአብራሪዎች ተደጋጋሚ ፈተና፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓት ገደብ እንዲሁም ጥብቅ የጥገና ክትትል አለ። ይህ ሁሉ ወጪ ስለሌለበት ሕገ-ወጡ ኦፕሬተር ዋጋ መስበር ይችላል።

በአሜሪካ የተለመደው ዘዴ የይስሙላ የኪራይ ውል ነው። ደንበኛው አውሮፕላኑን ያለ አብራሪ እንደተከራየ አድርጎ ይፈርማል፤ አብራሪውን ግን የሚያመጣው ያው አከራይ ነው። በወረቀቱ መሠረት የበረራው ኃላፊ ደንበኛው ይሆናል፤ ብዙ ደንበኞች ደግሞ ምን እንደፈረሙ አያውቁም።

የኤሚሊያኖ ሳላ አደጋ

በጣም የታወቀው ምሳሌ የአርጀንቲናዊው እግር ኳስ ተጫዋች ኤሚሊያኖ ሳላ ሞት ነው። ሳላ ከናንት ወደ ካርዲፍ ሲቲ በ15 ሚሊዮን ፓውንድ ተዛውሮ ጥር 21 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ማታ ከፈረንሳይ ወደ ካርዲፍ ሲጓዝ፣ የተሳፈረበት ባለ አንድ ሞተር ፓይፐር ማሊቡ ከገርንዚ ደሴት በስተሰሜን ባሕር ውስጥ ወደቀ። አብራሪው ዴቪድ ኢቦትሰን የንግድ አብራሪ ፈቃድም ሆነ የሌሊት በረራ ፈቃድ አልነበረውም፤ ይህን የአውሮፕላን ዓይነት ለማብረር የነበረው ፈቃድም ጊዜው አልፎበት ነበር። በሳላ ደም ውስጥ ከፍተኛ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ተገኝቷል፤ ጋዙ ከሞተሩ የጭስ መውጫ ወደ ተሳፋሪዎች ክፍል እንደገባ ይገመታል። የአብራሪው አስከሬን እስካሁን አልተገኘም።

በረራውን ያዘጋጀው ዴቪድ ሄንደርሰን ሰርተፍኬት አልነበረውም። ከአደጋው በኋላ ለሚያውቃቸው ሰዎች ዝም እንዲሉ መልእክት ልኮ ነበር። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የካርዲፍ ፍርድ ቤት የአውሮፕላንን ደህንነት አደጋ ላይ በመጣል ጥፋተኛ ብሎት፣ ራሱ ካመነው ሌላ ክስ ጋር 18 ወር እስራት ፈረደበት።

ሕጉን ማስከበር ለምን ይከብዳል?

ዋናው ችግር ማስረጃ ነው። ሕገ-ወጡ በረራ በራዳር ላይ ሲታይ ከማንኛውም የግል በረራ አይለይም። ተቆጣጣሪ ማኮብኮቢያው ላይ ቢያስቆመው እንኳ አብራሪው «ጓደኞቼ ናቸው፣ የነዳጅ ወጪ ተካፍለናል» ሊል ይችላል። ስለዚህ የሚፈለገው ማስረጃ ያለው አውሮፕላኑ ውስጥ ሳይሆን በባንክ ሒሳብና በስልክ መልእክት ውስጥ ነው። ተሳፋሪውም በርካሽ ስለበረረ የሚከስበት ምክንያት አይታየውም። በሳላ ጉዳይ እነዚያ መልእክቶች ፍርድ ቤት የደረሱት ሁለት ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የድንበር ጉዳይ ነው። በ1944 የቺካጎ ስምምነት መሠረት አውሮፕላን የተመዘገበበትን አገር ዜግነት ይይዛል። የሳላ አውሮፕላን የተመዘገበው በአሜሪካ፣ የተያዘው በባለአደራ ድርጅት ስም፣ መቀመጫው እንግሊዝ፣ የመጨረሻ በረራው የተነሣው ከፈረንሳይ ነበር። አንድ በረራ ለመመርመር የሦስት አገር መዝገብ ማገላበጥ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ለዚያውም አውሮፕላኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንዱ አገር ሥልጣን ወደ ሌላው ይሻገራል።

ቅጣቱም ያከራክራል። በእንግሊዝ ደህንነትን አደጋ ላይ መጣል እስከ አምስት ዓመት ሲያስቀጣ፣ ያለ ፈቃድ በክፍያ ማጓጓዝ ግን ከፍተኛው ሁለት ዓመት ነው። ለተሳፋሪው ቤተሰብ የባሰው ኢንሹራንሱ ነው፦ ለግል በረራ የተገባ ውል በንግድ በረራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አልከፍልም ሊል ይችላል።