ጥሩምባ የማይነፋለት ችግር፦ ቤተሰብን የሚደግፍ ድርጅት እንዴት ይሠራል? ምንስ ያስወጣል?

በእኛ ከተማ በቁይ ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል። ጥሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ጎልማሶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። አዛዥ አያስፈልግም።

ሰው በሕይወት እያለ ሲቸገርስ? አያት ከሦስት የልጅ ልጆቿ ጋር ብቻዋን ስትቀር፣ አባት የአልጋ ቁራኛ ሲሆን፣ እናት በገዛ ቤቷ ስትደበደብ ጥሩምባ የሚነፋ የለም። ለዚህ ዓይነቱ ችግር የሚቋቋሙ ድርጅቶች አሉ። ስማቸውን በሬዲዮ ሰምተን ይሆናል። አሠራራቸውን ግን የምናውቅ ጥቂት ነን። እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

እንዲህ ያለ ድርጅት ምንድን ነው?

በልማድ «በጎ አድራጎት» ወይም «ግብረ ሠናይ» እንለዋለን። ሕጉ ደግሞ «የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት» ይለዋል። የመንግሥት ያልሆነ፣ ለትርፍም ያልቆመ፣ ሰዎች ተስማምተው ያቋቋሙት ድርጅት ማለት ነው።

«ለትርፍ ያልቆመ» ሲባል ገንዘብ አያገኝም ማለት አይደለም። ዳቦ ቤት ሊከፍት ወይም ወፍጮ ሊተክል ይችላል። ልዩነቱ ትርፉ የሚሄድበት ቦታ ነው። የነጋዴ ትርፍ ለነጋዴው ይሆናል። የድርጅት ትርፍ ግን ለመሥራችም ለአባልም አይከፋፈልም፤ ተመልሶ ሥራው ላይ ይውላል።

ከእድራችን በምን ይለያል?

እድር የሚደርሰው ለአባሉ ነው። ወርሃዊውን የከፈለ ድንኳኑም ቀባሪውም አለለት። ድርጅቱ ግን በአብዛኛው የሚያገለግለው ምንም ያላዋጣውን ሰው ነው።

በሕግም ይለያያሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርንና እቁብን አይመለከትም። እነሱ በራሳቸው ደንብ ይተዳደራሉ። ድርጅት ግን መመዝገብ፣ ሒሳቡን ማስመርመርና በየዓመቱ ምን እንደሠራ ሪፖርት ማቅረብ አለበት።

ይህ ማለት እድር ከቀብር ያለፈ ሥራ መሥራት አይችልም ማለት አይደለም። ኤችአይቪ ብዙ ወላጆችን በወሰደበት ዘመን፣ በአዲስ አበባ በርካታ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ልጆችንና ሕሙማንን ደግፈዋል። «ከመቅበር ማኖር» ብለው ነው የጀመሩት ቢባል ያስኬዳል።

በአገራችን እነማን ሠርተውታል?

የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው በወሎ ረሃብ የጠናበት ሰው አዩ። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ቤተሰብ ሲቃወማቸው ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ቀሩ፤ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ አሳደጓቸው። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በስማቸው የሚጠራ ትልቅ ማኅበር ትተው ነበር።

መቄዶንያ ደግሞ በክብር ዶክተር ቢኒያም በለጠ የተመሠረተ ነው። ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና ጎዳና የወደቁ የአእምሮ ሕሙማንን ያነሳል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክሩ ከእኛም ሰፈር ደርሷል።

ከውጭ ከመጡት አንዱ የኤስኦኤስ የሕፃናት መንደር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1949 በኦስትሪያ ተጀመረ። ኢትዮጵያ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መቀሌ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ባሕር ዳርም አለ። ልጆቹ በአንድ ትልቅ አዳራሽ አያድሩም። እያንዳንዱ ቤት አንዲት እናት አለችው፤ ልጆቹም እንደ ወንድምና እህት ያድጋሉ።

ድጋፉ ወደ ቤተሰቡ የሚደርሰው እንዴት ነው?

የመጀመሪያው እርምጃ ልየታ ይባላል። በጣም የተቸገረው ማን እንደሆነ መለየት ነው። ድርጅቱ ይህን ብቻውን አያደርግም። ከቀበሌው፣ ከወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ከእድር ዳኞችና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ይመክራል።

ቀጥሎ ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤት ድረስ ይመጣል። ማኅበራዊ ሠራተኛ ማለት የሰውን ችግር አጥንቶ መፍትሔ ለማገናኘት የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ሙያው ለአገራችን አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ተከፍቶለት ነበር። በደርግ መምጫ ተዘጋ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደገና ተከፈተ።

ያቺን አያት እንውሰድ። ሠራተኛዋ መጥታ መደብ ላይ ትቀመጣለች፤ ወረቀት ቶሎ አታወጣም። ጎታው ውስጥ ስንት ቁና እህል እንደቀረ ትጠይቃለች። የትልቁን ልጅ ደብተር ትገልጣለች፤ ከጥር በኋላ ባዶ ነው። ለምን? ጠዋት ጠዋት ውኃ የሚቀዳውና ከብት የሚያግደው እሱ ነው። የትንሿን የክትባት ካርድ ታያለች። ልጁን ደግሞ ለብቻው ታነጋግረዋለች። አያቱ ፊት የማይናገረው ሊኖር ይችላል።

ከዚያ ዕቅድ ይወጣል። ለዚህ ቤት የሚያስፈልገው ዩኒፎርም ብቻ እንዳልሆነ ታይቷል። ውኃ የሚቀዳ ሰው ካልተገኘ ልጁ ዩኒፎርሙን ለብሶ ከብት ይጠብቃል። ስለዚህ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ጋር ተመክሮ ሥራው ይከፈላል። ለአያት ሁለት በግ ወይም ዶሮ ይሰጣል። ቤተሰቡ የጤና መድን ከሌለው እንዲገባ ይደረጋል።

መጨረሻው ክትትል ነው። ሠራተኛዋ በየጊዜው ትመለሳለች። ቤቱ ራሱን ሲችል መዝገቡ ይዘጋል። ጥሩ ድርጅት የሚኮራው በዘጋው መዝገብ ነው።

ልጄን ወስደው ያስቀሩብኛል?

ብዙ እናቶች የሚፈሩት ይህን ነው። ድሀ መሆን ልጅን ከወላጅ ለመንጠቅ ምክንያት አይሆንም። አገራችን የምትከተለው አሠራር ቤተሰብን ያስቀድማል። መጀመሪያ ወላጅ፣ ቀጥሎ ዘመድ፣ ከዚያ የአደራ ቤተሰብ ወይም የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ይታያል። የማሳደጊያ ተቋም የመጨረሻው አማራጭ ነው። ለውጭ አገር ሰዎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠት በ2010 ዓ.ም. በሕግ ቀርቷል። ጉዲፈቻ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ አይጸናም። ስለዚህ «ፈርሚልኝና ልጁን ከተማ ላስተምረው» የሚል ሰው ከመጣ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

ለተረጂው ስንት ያስከፍላል?

ምንም። ለመመዝገቢያ፣ ለፎርም ወይም «ስማችሁን ለማስገባት» ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አትክፈሉ። የሚጠየቀው ጊዜና ወረቀት ነው። የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀትና የቀበሌ መታወቂያ አስቀድሞ ቢዘጋጅ ምልልስ ይቀንሳል። ልጃችሁን ፎቶ ሊያነሱ ሲመጡ ፎቶው የት እንደሚውል ጠይቁ፤ ካልፈለጋችሁ እምቢ ማለት ትችላላችሁ።

ለድርጅቱስ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው «ለድሀ የተሰጠው ገንዘብ ደመወዝ ሆኖ ቀረ» ይላል። ሕጉ ለዚህ ልክ አበጅቶለታል። የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የአስተዳደር ወጪ ማለት የቢሮ ኪራይ፣ መብራት፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝና የመሳሰለው ነው።

በሒሳብ እንየው። በዓመት 1,000,000 ብር የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ቢሮውን ማቆም የሚችለው ቢበዛ በ200,000 ብር ነው። ቀሪው 800,000 ለሥራው ይውላል።

ቤት ለቤት የምትዞረው ማኅበራዊ ሠራተኛ ግን ሥራው ራሷ ናት። እሷ ባትኖር የልጁ ደብተር ባዶ መሆኑን ማን ያይ ነበር? ዩኒፎርም አድሎ የሚሄድ ድርጅት ርካሽ ይመስላል፤ ልጁ ከብት ጥበቃ ላይ ከቀረ ግን የወጣው ብር ሁሉ ባክኗል።

ራሳችን ብናቋቁምስ?

ይቻላል። በፌዴራሉ ሕግ በቦርድ ለሚመራ ድርጅት ሁለት መሥራቾች ይበቃሉ። ይህ ሕግ ግን የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ያሉትን እንዲሁም የውጭ ድርጅቶችን ነው። በአማራ ክልል ውስጥ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ በክልሉ ሕግ ትመዘገባላችሁ። መነሻው መተዳደሪያ ደንብ፣ ግልጽ ዓላማ እንዲሁም ጠቅላላ ጉባኤ ወይም ቦርድ ነው።

ከመመዝገቡ ይልቅ የሚከብደው ቀጣዩ ዓመት ነው። ለልጅ ቃል ተገብቶ በመንፈቁ ገንዘብ ሲያልቅ ልጁ ሁለተኛ ጊዜ ወላጅ እንዳጣ ይሆናል። ስለዚህ በሙሉ ዓመት ወጪ የማትተማመኑ ከሆነ፣ ያለውን አጠናክሩ። በብዙ ቀበሌዎች የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የሚባል አደረጃጀት አለ። ከነዋሪው እህልና ገንዘብ እየሰበሰበ ለተቸገሩ የሚያደርስ ኮሚቴ ነው። ቢሮም ኪራይም አይፈልግም።

እውነተኛውን በምን እለያለሁ?

ሦስት ነገር ጠይቁ። የምዝገባ የምስክር ወረቀት አለው? ለሰጣችሁት ብር ደረሰኝ ይቆርጣል? ያለፈው ዓመት ሪፖርቱን ያሳያል? የሚያሳይ ድርጅት በጥያቄው ደስ ይለዋል። የሚቆጣ ካለ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

አንድ ነገር ደግሞ ድርጅት እስኪመጣ መጠበቅ አያሻውም። በሚቀጥለው የእድራችሁ ስብሰባ፣ መዋጮ ተሰብስቦ ቀሪዎች ከተቀጡ በኋላ፣ አንድ አጀንዳ ጨምሩ፦ «በሰፈራችን ሳይሞት የተቸገረ ማነው?» መዝገቡ ላይ አንድ ስም ይጻፍ። ወደዚያ ሰው ቤት ሁለት ሰው ሄዶ ጎታውንና የልጁን ደብተር ይይ።