የሩዝ ማሳና የጋራ ቤት፤ ወረታ ላይ ማን ከማን ጋር ይወያይ?

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚያመራ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ ወረታ ይገባል። ከዚያው ከተማ ሌላ መንገድ ተገንጥሎ በስተምሥራቅ ወደ ደብረ ታቦር፣ አልፎም በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ ይዘልቃል። መንታ መንገድ ላይ የተቆረቆረች ከተማ እንደመሆኗ ገበያዋ አይታማም። ሽንኩርቱም፣ ሩዙም፣ ከብቱም እዚያው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ደረቅ ወደብ ተጨምሮላታል። በእንዲህ ዓይነት ከተማ የቤት ኪራይ ምን እንደሚመስል ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

የአክስቴ ልጅ ወረታ ውስጥ መምህር ነው። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበርም ተደራጅቶ ቦታ ይጠብቃል። አባቱ ደግሞ ከከተማው ጫፍ ብዙም ሳይርቅ ሩዝ ያርሳል። ልጁ ቦታ ይሰጠኛል ብሎ ይጠብቃል፣ አባትየው ቦታዬ ይወሰድብኛል ብሎ ይሰጋል። ለበዓል ሁለቱም በአንድ ገበታ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ጉዳይ ግን ሲነጋገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የሁለቱ ዝምታ ነው። ወረታ ላይ እገሌ የተባለ ፕሮጀክት እንዲህ ሆነ ብዬ ዜና ላቀርብ አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ከተማ መንግሥት ቤት ልሥራ ወይም ለቤት ሠሪዎች ቦታ ልስጥ ብሎ ሲነሳ «ሕዝቡን አወያይተናል» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ፣ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ምን ቢጠየቅ ደግሞ ቁም ነገር እንደሚወጣው የማውቀውን ላካፍል ነው።

የማውቀው ከወንበሩ በወዲያኛው በኩል ሆኜ ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት የክልሉ ከተማ በተጠራ የውይይት መድረክ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። አርሶ አደሮቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፣ ከፊት ለፊት ካርታ ተሰቅሏል፣ ካርታው ላይ ቦታው በቀይ ተከልሏል። ልብ በሉ፣ ውይይቱ ሳይጀመር ቀዩ መስመር ተሰምሯል። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል አንዲት እናት ተነስተው «እሺ፣ ቤቱ ይሠራ። ክረምት ሲገባ ውሃው ወዴት ሊሄድ ነው?» አሉ። ከመድረኩ የመጣው መልስ መሠረተ ልማት ይሟላል የሚል ነበር። እኔም «መሠረተ ልማትን አስመልክቶ ጥያቄ ተነስቶ ምላሽ ተሰጥቷል» ብዬ ጻፍኩ። ውሃ የምትለዋ ቃል በቃለ ጉባኤው ውስጥ የለችም። ተሰብሳቢው ሲወጣ የፈረመው የስም ዝርዝር ግን ከሰነዱ ጋር ተያይዞ ሄዷል።

በነገራችን ላይ የቢሮ ቋንቋችን ራሱ ብዙ ይናገራል። «ማወያየት» እንላለን እንጂ «መወያየት» አንልም፤ አወያይ አለ፣ ተወያይ አለ። አንዳንዴም ያው መድረክ «የግንዛቤ ማስጨበጫ» ይባላል፤ ግንዛቤው የሚጨበጠው ከአንድ ወገን ብቻ ይመስል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 የሚለው ሌላ ነው። ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መብቱ የመነገር ሳይሆን የመጠየቅ ነው።

ወደ ቤቱ ጉዳይ ልመለስ። የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች አዋጅ ቁጥር 370 በ1995 ዓ.ም. ወጣ። ተከትሎም በአዲስ አበባ በጀርመኑ ጂ.ቲ.ዜድ. ድጋፍ ተሞክሮ የነበረው አነስተኛ ወጪ የቤት ግንባታ ወደ ትልቅ መርሐ ግብር አደገና ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ክልል ከተሞችም ተሻገረ። ዕቅዱ በአምስት ዓመት 400 ሺህ ቤቶች መሥራት ነበር። ባሕር ዳርና ጎንደርን ጨምሮ ብዙ ከተሞች አራት ፎቅ ያላቸው፣ ሊፍት የሌላቸው፣ ሣጥን መሳይ ሕንፃዎችን አዩ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን መርሐ ግብሩ ከአዲስ አበባ ውጭ ቀዘቀዘ፣ በኋላም ቆመ። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም በ2003 ዓ.ም. ግድም ባወጣው ጥናት እንደሚነበበው የክልል ከተማ ነዋሪ የመክፈል አቅምና ለፎቅ ኑሮ ያለው ፍላጎት እንደታሰበው አልሆነም።

ይህ ሊያስደንቀን አይገባም ነበር። የትንሽ ከተማ ቤት ማደሪያ ብቻ አይደለም። ጓሮው ጌሾ አለው፣ ጠላ ይጠመቅበታል፣ በግ ይታሰርበታል፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ እህሉን ያራግፍበታል። ብዙዎቹ ቤተሰቦች በግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ቀጥለው ሠርተው ያከራያሉ፤ ደመወዙን የምትደጉመው እሷ ናት። ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራው የጋራ ቤት ይህን ሁሉ አይተካም። ንድፉ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ የወልድያን ወይም የደሴን ሰው «ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለህ ወይ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ቢቻል ኖሮ ብዙ ሲሚንቶ ይተርፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በክልሉ ከተሞች የመንግሥት ሠራተኛው ተስፋ በአብዛኛው ማኅበር ሆኗል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በመንግሥት ለተፈቀደ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ በር ከፍቷል። መምህሩ፣ ነርሱ፣ የግብርና ባለሙያው ይደራጃል፣ ገንዘቡን በዝግ ሒሳብ ያስቀምጣል፣ ቦታ ይጠብቃል። ዓመታት የሚጠብቅም አለ።

እዚህ ላይ የሁለቱ ዘመዶቼ ጉዳይ ይገናኛል። ለስሌት ያህል ብቻ፣ 100 አባወራ ለእያንዳንዱ 150 ካሬ ሜትር ቢሰጠው 1.5 ሄክታር ነው። መንገድና የውሃ መውረጃ ሲጨመርበት ከሁለት ሄክታር ያልፋል፤ በአካባቢው አነጋገር ስምንት ጥማድ ማለት ነው። እነዚሁ 100 አባወራዎች በየፎቁ አራት ቤት ባለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቢገቡ አምስት ሕንፃ ይበቃቸዋል። ሕንፃው ያረፈበት ቦታ አንድ ጥማድ አይሞላም፣ ግቢውና መንገዱ ቢታከልበት እንኳ ሦስት ጥማድ ቢደርስ ነው። እንግዲህ የገበሬው ጥቅም ያለው ፎቁ ላይ ነው፣ የተከራዩ ምኞት ያለው ግቢው ላይ ነው። ይህ እውነተኛ የጥቅም ግጭት ነው። መፍትሔው ምናልባት መሐል ላይ ይሆናል፤ ተያይዞ የተሠራ፣ አንድ ፎቅ ያለው፣ ጠባብ ጓሮ የተረፈው ቤት። እንዲህ ዓይነቱ ሐሳብ የሚወለደው ግን ሁለቱ ወገኖች አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲገናኙ ነው። አሠራራችን የማኅበሩን አባላት ከተማ አዳራሽ፣ ገበሬዎቹን ቀበሌ ይሰበስባል። ለአንደኛው ቦታ እንደሚሰጠው፣ ለሌላው ካሳ እንደሚከፈለው ይነገረዋል። ስንት ሄክታር ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ቤት አይነሳም።

ፎገራ ላይ ጥያቄው የበለጠ ይከብዳል። ሜዳው ጣና ሐይቅ ዳር የተዘረጋ፣ ርብና ጉማራ የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ማፈናቀሉ ይታወሳል። ውሃ ይተኛበት የነበረው መሬት ድሮ ከግጦሽ ያለፈ ጥቅም አልነበረውም። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ካስተዋወቁ በኋላ ግን ያው ውሃ ሀብት ሆነ፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ነው የተተከለው። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ለሩዝ የተመቸውን ያህል ለሕንፃ ጠላት ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ተሰነጣጥቆ ይሸሻል፤ ግድግዳ ይሰነጥቃል። አፈሩን ቆርጦ አውጥቶ በሌላ መሙላት ወይም መሠረቱን ማጠናከር ይቻላል፣ ነገር ግን ወጪው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በቤት ፈላጊው ላይ ነው። መሬቱ በስተምዕራብ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ በስተምሥራቅ ወደ ደብረ ታቦር ከፍ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ወዴት ይሠራ የሚለው ከምን ያህል ይሠራ የሚለው እኩል ነው። ከሜዳው ላይ በአፈር ተሞልቶ ከፍ የተደረገ ሰፈር ደግሞ የራሱን ውሃ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ይገፋል። የእኚያ እናት ጥያቄ ይኸው ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 ማስጠንቀቂያ እንጂ ምክክር አያውቅም ነበር። ገበሬው ካሳውን በተቀበለ በ90 ቀን፣ ሰብል ከሌለው በ30 ቀን ይለቃል። ለዘለቄታው የሚለቅ ከሆነ ካሳው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይሰላል። አቤቱታውም በካሳው መጠን ላይ ብቻ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ሦስት ነገር ለወጠ። ተነሺዎች ቦታውን ከመልቀቃቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና አጠቃላይ ሂደት እንዲወያዩ አዘዘ፤ አስቸኳይ ለሆነ ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል የሚል ቀዳዳም ተወ። ምትክ መሬት ለማይገኝለት ገበሬ ካሳው ካለፉት ሦስት ዓመታት የላቀው ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ። የልቀቅ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ከካሳው አልፎ ራሱን ትእዛዙንም መቃወም እንዲችል አደረገ። በ2016 ዓ.ም. አዋጁ ሲሻሻል ትኩረቱ ካሳውን ማን ይክፈል የሚለው ላይ ነበር፤ ሸክሙ ወደ ክልሎች ዞሯል።

ምክክር ማለት ግን ስምምነት ማለት አይደለም። ይህን ገበሬውም ባለሥልጣኑም ያምታቱታል። በህንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የወጣው የመሬት ሕግ መሬቱ ለግል ኩባንያ ሲሆን ከተነሺ ቤተሰቦች የ80 በመቶውን፣ የመንግሥትና የግል ሽርክና ሲሆን የ70 በመቶውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ መንግሥት ለራሱ ሲወስድ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። የእኛ ሕግ ፈቃድ አይጠይቅም። ሐሳብ ይጠይቃል፣ ሐሳቡን ተቀብሎ ምን እንዳደረገበት የመመለስ ግዴታ ግን እምብዛም አልተብራራም። ድክመቱ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ችላ ሲባል ምን እንደሚሆን ሩቅ ሳንሄድ አይተናል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለ51,229 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ኮዬ ፈጬ ያሉት ቤቶች በአርሶ አደሮች ተፈናቃይነትና በወሰን ጥያቄ የተቃውሞ ሰልፍ አስነሱ። ባለ ዕድለኛው 20 በመቶውን ቆጥቦ ዓመታት የጠበቀ ሰው ነው፣ ተፈናቃዩም መሬቱን ያጣ ሰው ነው። የተገናኙት ሕንፃው ካለቀ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወረታ ላይም ሆነ ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲጠራ ማን አዳራሹ ውስጥ እንዳለ ብቻ ሳይሆን ማን እንደሌለ መቁጠር ደግ ነው። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተሩ የባልና የሚስት ነው፤ ወደ ስብሰባው የሚሄደው ግን ብዙ ጊዜ ባል ነው። በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ሽግሽግ በኋላ የተወለደው ወጣት ደብተር የለውም፤ በአባቱ ማሳ ላይ ይሠራል፣ ካሳ ሲመጣ በስሙ የሚከፈለው የለም። በመጋዞ የሚያርሰውም እንዲሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት የተነሳ ደግሞ ሰው ሰብስቦ ማነጋገሩ ራሱ ከባድ ሆኗል። ሰው ፈርቶ ዝም ያለበትን ስብሰባ ተስማምቷል ብሎ መመዝገብ ደግሞ ምክክር አይባልም።

ለአጎቴ የነገርኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ስለ ስሌቱ ነው። የፎገራ ማሳ ከሩዝ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ያበቅላል፣ መስኖ ያለው ሽንኩርት ይደግማል። ገማቾቹ ሩዙን ብቻ መዝግበው ቢሄዱ በ15 የሚባዛው ግማሽ ገቢ ነው። ጭዱም ቢሆን ይሸጣል። ስለዚህ የሦስቱን ዓመት ምርት በየወቅቱ ከነዋጋው በልጁ ደብተር ላይ እንዲያጽፍ ነገርኩት፤ ልጁ መምህር አይደል።

ሁለተኛው ስለ ቀን ነው። ትእዛዙ በጽሑፍ ከደረሰበት ቀን አንስቶ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከቻ የሚያስገባው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት። ቀኑ ካለፈ ግን የሚሰማው የለም። «ደብዳቤ ሲሰጡህ የተቀበልክበትን ቀን ራስህ ጻፍበት» አልኩት።

«ውሃውስ?» አለኝ።

በቃለ ጉባኤው ላይ ውሃ በሚለው ቃሉ ካልተጻፈ እንዳይፈርም ነገርኩት።