«ኮፊ» የከፋ ልጅ ነው?

ቡና ተቆልቶ፣ ረከቦቱ ቀርቦ ጨዋታ ሲደራ አንድ ሰው ሳይናገራት የማያልፋት ወሬ አለች፦ እንግሊዞች «ኮፊ» የሚሉት ከእኛው ከፋ ወስደው ነው። ድምፁ ስለሚቀራረብና ተክሉ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች መገኘቱ እውነት ስለሆነ የሚከራከር የለም።

ቃሉ ግን በሌላ መንገድ ነው የሄደው። በ1600 እ.ኤ.አ. ገደማ መጠጡን ያወቁት አውሮፓውያን ስሙን ያገኙት ከቱርኮች «ካህቬ» ነው፤ ቱርኮች ደግሞ ከዐረቦች «ቀህዋ»። በዐረብኛው «ዋ» ቦታ ቱርኮች «ቬ» አሉ፤ አውሮፓ ሲደርስ «ፍ» ሆነች። የ«ኮፊ»ን «ፍ» ከከፋ የተወረሰች የሚመስለን ይህን ስለማናይ ነው። ዐረብኛ «ፋ» የሚባል ፊደል አለው፤ ቃሉን ከከፋ ቢወስድ ኖሮ «ፍ»ን ወደ «ህ» እና «ዋ» የሚለውጥበት ምክንያት አልነበረውም።

«ቀህዋ» ራሱ ከቡና መጠጥ ይበልጣል በዕድሜ። በጥንቱ የዐረብ ግጥም ከወይን ጠጅ ስሞች አንዱ ነበር፤ የዐረብ መዝገበ ቃላት ሊቃውንትም የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ እንዲህ ተባለ ይላሉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎት እንቅልፍ የሚያባርርላቸውን መጠጥ ሲያገኙ ያ የቆየ ስም ወደ እሱ ዞረ።

 

ይህን ስጽፍ ከከፋ ክብር የምቀንስ የሚመስለው ካለ ይስማኝ። በእኔ እምነት የከፋን ክብር የሸፈነው ሌላ ስም ነው፦ የዕፅዋት ሊቁ ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለተክሉ የሰጠው «አራቢካ»። ያ ስም የኢትዮጵያን ደን ተክል የዐረብ አስመስሎታል፤ መታረም የሚገባው እሱ ነው።

የከፋን ሰው በቋንቋው ቢጠይቁት «ቡኖ» ይላል። ኦሮሞው «ቡና»፣ ትግርኛ ተናጋሪው «ቡን» ይላል። ዐረቡም የሚጠጣውን «ቀህዋ» ቢለውም ፍሬውን «ቡን» ነው የሚለው። እንግዳችሁን ስታስተናግዱ የተክሉን አገር ንገሩት፤ «ኮፊ» የሚለውን ቃል ግን ለዐረቦች ተዉላቸው።