«በሰላም ገባሁ» የሚለው ስልክ

ስሙኝማ፣ ቡናው እስኪፈላ ልንገራችሁ። ገባኝ!

ነገሩ የጀመረው ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ነው። ሚያዝያ 18፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 26 ቀን 2025፣ እኛ ጋ ዴንቨር ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሮም ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ የፖፕ ፍራንሲስን ቀብር በስልኬ አያለሁ። ያረፉት በፋሲካ ማግስት ነው፤ በዴንቨር ሰዓት ግን እሑዱ ገና አላለቀም ነበር፣ የእኛም ፋሲካ ያው ቀን ስለነበር ዶሮ ወጡ አልበረደም። አደባባዩ በሰው ሞልቷል፣ መሐል ላይ ጌጥ የሌላት የእንጨት ሣጥን። ያኔ አንዱ ጓደኛችን ደወለና «ሰውዬው ዕድሜያቸውን ቅዱስነታቸው ሲባሉ ኖረው፣ አሁን ቅዱስ ይባሉ ይሆን ወይ ብሎ መጠየቅ ምን የሚሉት ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እንቅልፍም አልወሰደኝ።

መጀመሪያ ያሳሳተኝ ቃሉ ነው። እኛ ኦርቶዶክሶቹ ጋ «ብፁዕ አቡነ እገሌ» በሕይወት ያለ ጳጳስ ነው። ካቶሊኮቹም ፖፑን ቅዱስነትዎ ይላሉ፣ ይህ ግን የወንበሩ ማዕረግ ነው። የሰውየው የራሱ ቅድስና የሚጣራው ከሞተ በኋላ ነው፤ በአራት ደረጃ። መጀመሪያ «የእግዚአብሔር አገልጋይ»፣ ቀጥሎ «ክቡር»፣ ከዚያ «ብፁዕ»፣ መጨረሻ «ቅዱስ»። የእነሱ ብፁዕ እንግዲህ የሞተ ሰው ነው። ስንት ጊዜ ዜና ሰምቼ ተምታቶብኝ ነበር!

የምርመራው ፋይል የሚከፈተው ደግሞ ሰውየው ከሞተ አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። አምስት ዓመት! ግሪን ካርድ ይዘን ለዜግነት የምንጠብቀውን ያህል። ሐዘኑ ይብረድ፣ ጩኸቱም ይርገብ ነው ነገሩ። ፖፑ ከፈለገ ግን ያነሳዋል። በ2005 ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ሲቀበሩ ሕዝቡ «ሳንቶ ሱቢቶ»፣ አሁኑኑ ቅዱስ ይባሉ ብሎ ጮኸ፤ ተተኪያቸው ቤኔዲክቶስ ጥበቃውን አነሱላቸውና በ2014 ቅዱስ ተባሉ። ያወጁት እኚሁ ፍራንሲስ ናቸው። እኚህ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1993 ለዓለም ወጣቶች ቀን መጥተው የቀደሱት የት መሰላችሁ? እዚሁ ቼሪ ክሪክ ፓርክ፣ እኛ ሥጋ የምንጠብስበት!

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እዚሁ ዴንቨር ፋይሏ የተከፈተላትን ጁልያ ግሪሊን ታውቃላችሁ? እኔም አላውቃትም ነበር። ሃኒባል በምትባል የሚዙሪ ከተማ ባሪያ ሆና ተወለደች። ልጅ ሳለች አሳዳሪው እናቷን ሲገርፍ አለንጋው ቀኝ ዓይኗን አጠፋው። ነፃ ከወጣች በኋላ ዴንቨር መጣች፣ የኮሎራዶ ግዛት የመጀመሪያ አስተዳዳሪ የነበሩት የዊልያም ጊልፒን ቤት ሠራተኛ ሆነች፣ በ1880 ካቶሊክ ሆነች። ከዚያ ያቺን ቀይ ጋሪዋን እየጎተተች ከተማውን አዳረሰችው። እንጨት፣ ልብስ፣ ምግብ፣ አንዳንዴም ፍራሽ ለድሃ ታደርሳለች፣ የራሷ ሲያልቅ ለምና። እና የምትሄደው በሌሊት፣ በጓሮ መንገድ ነው። ለምን? ነጮቹ ድሆች ከጥቁር ሴት ሲቀበሉ ጎረቤት አይቷቸው እንዳያፍሩ! ይህችን ሳነብ መኪናዬን ዳር አቆምኩ። የራሷን የመቃብር ቦታ እንኳ መቀበሪያ ላጣ ሽማግሌ ሰጥታለች፤ እድር ውስጥ ያላችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

በጁን 7 ቀን 1918 ስታርፍ ሕዝቡ ለሰዓታት ተሰልፎ ተሰናበታት። በ2016 ሊቀ ጳጳስ ሳሙኤል አኪላ ፋይሏን ከፈቱ፣ በዓመቱ አፅሟ ወጥቶ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ወዳለው ካቴድራል ገባ። እዚያ ስትቀበር የመጀመሪያዋ ናት። ጳጳሳቱ ሳይሆኑ ቤት ሠራተኛዋ!

ከዚያ ምርመራው። ምስክር፣ ደብዳቤ፣ የድሮ ጋዜጣ ይለቀማል፣ ትልቅ ጥራዝ ይሆናል። እኛ ገድል እንደምንለው ነው፣ ግን መስቀለኛ ጥያቄ ያለበት ገድል። በጎነቷ ከጸደቀ «ክቡር» ትባላለች። ቀጥሎ ግን ተአምር ይጠየቃል፤ አንድ ለብፁዕነት፣ ሌላ አንድ ለቅድስና፤ ሁለቱም ከሞተች በኋላ የሆነ።

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። በሕይወቷ ይህን ሁሉ አድርጋ፣ ከሞት በኋላ ደግሞ ምን ተአምር አስፈለገ? አንድ ቀን መንገደኛ ጭኜ እየሄድኩ ሴትዮዋ ስልኳን አነሳችና «እማዬ፣ በሰላም ገብቻለሁ» ስትል ብልጭ አለልኝ!

ከቦሌ ስትነሱ ቤተሰብ ሸኝቷል፣ ቪዛውን አይቷል፣ ትኬቱን አይቷል። ግን ያች ስልክ እስክትደወል ማን ይተኛል? ተአምሩ ያች ስልክ ናት። ቤተ ክርስቲያኗ ማንንም ቅዱስ አትሾምም፤ ሰውየው ሰማይ መግባቱን ነው የምታረጋግጠው። ጥራዙ ቪዛና ትኬት ነው። ስልኩ ሲመጣ ግን ገብቷል ማለት ነው። ወይ ጉድ! ብቻዬን ሳቅሁ፣ መንገደኛዋ ደነገጠች።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም በየቦታው ገባልኝ። ሰማዕት ለምን ለብፁዕነት ተአምር አይጠየቅም? ሰው እያየው ስለ ሃይማኖቱ ሞቷላ፤ በሩ ድረስ ሸኝተነዋል። የጎጃሙ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ ሞቱ፣ በ1926 እንደ ሰማዕት ብፁዕ ተባሉ። እሳቸውም እንደ ጁልያ አንድ ዓይና ነበሩ። ይህን ያገኘሁ ቀን ለሁላችሁም የደወልኩት ለዚህ ነበር፣ ማንም አላነሳም እንጂ።

ስልኩ ግን እውነተኛ መሆኑ ይጣራል። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ፈውስ ነው። ሐኪሞች ይመረምሩታል፤ የሚጠየቁትም «ተአምር ነው ወይ» ሳይሆን «በሕክምና ይብራራል ወይ» ብቻ ነው። ጎልደን ተራራው ላይ ቤተ መቅደስ ያላት እናት ካብሪኒ፣ የስደተኞች ጠባቂ የሚሏት፣ ለብፁዕነቷ ከቀረቡት አንዱ በ1921 ኒው ዮርክ ውስጥ በስህተት በተጨመረበት ኃይለኛ መድኃኒት ዓይኑ የተቃጠለ ጨቅላ ማየቱ ነው። በ1946 ቅድስት ተባለች፣ ኮሎራዶም በስሟ የሚከበር የመንግሥት በዓል አላት።

ደግሞ የለመነው ሰው ያን አንዱን ብቻ ለይቶ ቢለምን ነው የሚመረጠው። አምስት ዘመድ ጋ ደውላችሁ የላኪ ስም የሌለበት ብር ቢመጣ፣ ላኪው ማን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

ባለፈው እሑድ ከኪዳን በኋላ በኮልፋክስ ቀጥ ብዬ ካቴድራሉ ሄድኩ። ጁልያ አጠገብ ተቀመጥኩና አንድ ነገር ጠየቅኋት። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ለሌላ ለማንም ግን አልደወልኩም።