እውነት ወይስ ተረት? ኒውክሌርን ማገድ የመንግሥት የሞራል ግዴታ ነው?

የሕዳሴ ግድብ በተመረቀበት ዕለት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ቀጣይ ሥራ ብለው ከጠቀሷቸው ነገሮች አንዱ የኒውክሌር ማመንጫ ነበር። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጌዴዎን ጢሞቴዎስ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በተነሳ ቁጥር አንዱ «መብራት ሊትረፈረፍ ነው» ሲል፣ ሌላው «ሕሊና ያለው መንግሥት ይህን ያግዳል እንጂ አይገነባም» ይላል። ሁለተኛው አባባል ከበድ ያለ ስለሆነ በእሱ እንጀምር።

ተረት፦ ማመንጫው አንድ ቀን እንደ ሂሮሺማ ይፈነዳል።

እንደ ቦምብ አይፈነዳም። ለአብዛኛው ማመንጫ ነዳጅ የሚሆነው ዩራኒየም የሚበለጽገው ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው፤ ለቦምብ የሚፈለገው ግን ወደ 90 በመቶ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ቼርኖቤልን የበተነው የታመቀ እንፋሎት እንጂ የአቶም ቦምብ አልነበረም። ይህ ማለት ግን ቀላል አደጋ ነበር ማለት አይደለም። ሠላሳ የሚሆኑ ሠራተኞችና እሳት አጥፊዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተዋል፣ ፕሪፕያት የተባለችው ከተማም እስከ ዛሬ ባዶ ናት። በፉኩሺማ ማመንጫ አደጋ ደግሞ የጃፓን መንግሥት በጨረር ምክንያት ነው ብሎ ያመነው የአንድ ሠራተኛ ሞት ብቻ ሲሆን፣ ከቤታቸው በጥድፊያ የወጡ ከ2,000 በላይ ሰዎች በስደቱ እንግልት ሞተዋል፤ ብዙዎቹ አረጋውያን ነበሩ። የሚፈራ ሰው ሞኝ አይደለም፤ ሊፈራ የሚገባው ግን የቦምብ ፍንዳታ ሳይሆን ጨረሩና እንግልቱ ነው።

ተረት፦ ኒውክሌርን ያገደ መንግሥት ሕዝቡን ከአደጋ አዳነ።

እገዳው ከሌላው አደጋ፣ ከማገዶና ከከሰል ጭስ፣ አያድንም፤ እዚህ ላይ የአዊ ዞኗ የአዲስ ቅዳም ሰው ከማንም በላይ የሚናገረው አለው። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በማዳበሪያ ታጭቆ አፉ በሣር የተወተፈ ከሰል ተደርድሮ አይሱዙ ሲጠብቅ ማየት የተለመደ ነው። የአካባቢው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዛፍ ከጤፍ ጋር ይተክላል፣ የመጀመሪያውን ዓመት ጤፍ ያጭዳል፣ ዛፉን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ያከስላል። አፈር የተደፋበት ክምር ቀናት ሙሉ ሲጨስ ሌሊትም ጠባቂ አይለየውም፤ ቀዳዳ ካበጀ ከሰሉ አመድ ይሆናላ። ይህ ሥራ ለብዙ ቤተሰብ የቆርቆሮ ቤት ሠርቷል፣ የተራቆተ መሬትም አልብሷል። ከሰል አክሳዩን ለመውቀስ አይደለም ያነሳሁት።

ሆኖም ጭሱ ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ማገዶና ከሰል ጭስ የሞተውን ሰው 3.2 ሚሊዮን ያደርሰዋል፤ ይህ በአንድ ዓመት ነው። ቼርኖቤል ይበልጥ በተጋለጡት ሰዎች ላይ በረጅም ጊዜ ያስከትላል ተብሎ የተገመተው ሞት ደግሞ፣ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘገባ፣ እስከ 4,000 ነው። በግምቱ ላይ ክርክር አለ፤ ሆኖም ከጭሱ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ግድብም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ ሕዳሴው በጉባ በሺዎች የሚቆጠሩ የጉሙዝ ሰዎችን ከቀያቸው አንስቷል።

ተረት፦ ያደጉት አገሮች ሁሉ ዘግተውታል።

ጀርመን ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹን ሦስት ማመንጫዎች ዘግታለች፤ የድንጋይ ከሰልን ግን ገና አልተወችም። ኦስትሪያ በ1978 እ.ኤ.አ. ሕዝቧን ጠይቃ በ50.5 በመቶ ድምፅ፣ ተሠርቶ ያለቀ ማመንጫ ሳታስጀምር ቀረች። ፈረንሳይ ግን እስከ ዛሬ አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ከኒውክሌር ነው። ያገዱት አገሮች ቤቱ ሁሉ መብራት የገባለት፣ ሲቸገሩም ከጎረቤት የሚገዙ ናቸው። እነሱን እያዩ «ሞራል» ማለት ለእኛ ግማሽ ታሪክ ነው።

ተረት፦ ኒውክሌር ሲመጣ የመብራት ችግር ያበቃል።

ይህኛው ተረት ደግሞ የደጋፊዎቹ ነው። ቱርክ ከሩሲያ ጋር የተስማማችው በ2010 እ.ኤ.አ. ሲሆን ግንባታው የጀመረው በ2018 ነው። ግብፅም በ2015 እ.ኤ.አ. ፈርማ የመጀመሪያውን ኮንክሪት ያፈሰሰችው በ2022 ነው። ዛሬ በኩራዝ የሚያጠና ልጅ ማመንጫው ሥራ ሳይጀምር ትምህርቱን ይጨርሳል። አዊ ከ460 ሜጋዋቱ በለስና ከ5,150 ሜጋዋቱ ሕዳሴ ጎን ሆና እንኳ ገና መስመር ያልተዘረጋላቸው ቀበሌዎች አሏት። ያጠረው ምሰሶና ሽቦ ነው። እርግጥ ነው፣ ግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ሲጎድል አገሩ በሙሉ በፈረቃ ሰንብቷል፤ በዝናብ ብቻ መደገፍ ምን እንደሚያመጣ ያኔ ታይቷል።

ተረት፦ ጨረር ለአገራችን አዲስ ነገር ነው።

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰርን በኮባልት ጨረር ሲያክም ኖሯል፤ ቃሊቲ ላይ ደግሞ ወንድ የቆላ ዝንቦች በጨረር እንዲመክኑ ይደረጋል።

ታዲያ ግዴታው ምንድን ነው? በእኔ እምነት ማገድ አይደለም፤ ዝም ብሎ መፈረምም አይደለም። ጃፓን ውስጥ ማመንጫ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ኒውክሌርን እንዲያስፋፋ በተሰየመው ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ ከፉኩሺማ በኋላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ ገንጥለው ራሱን የቻለ ባለሥልጣን አቋቋሙ። እኛ ይህን ለመማር አደጋ መጠበቅ የለብንም። ቦታ ሲመረጥም በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሕዝቡ ለቆ መውጣቱ ሊታወስ ይገባል። ያገለገለው ነዳጅ የት እንደሚቀበርና ሩሲያ መልሳ ትወስደው እንደሆነ፣ ውሉ ከመታሰሩ በፊት በምክር ቤት ፊት በአማርኛ ይነበብ። ምርጫ ክልላቸው አዊ ዞን የሆነ ተወካዮች ይህን ለመጠየቅ እዚያ አሉ።