አንዲት ፍሬ፣ 10 ሚሊዮን ኩንታል

በጥቅምት ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው ሂላ ነው፤ የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ እስኪደርቅ ድረስ ቆሞ። ሜዳውን የሞላው ይመስላል። ሲራገፍ ግን ያ ሁሉ ሂላ ጥቂት ጆንያ ውስጥ ይገባል፤ ቀሪው አገዳና አየር ነበር። የኒውትሮን ኮከብን ለማስተዋወቅ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

እጃችን የሚነካው ሁሉ፣ ድንጋይም ሆነ ብረት፣ ውስጡ በአብዛኛው ባዶ ነው። የአቶም እምብርት አንድ የሰሊጥ ፍሬ ቢያክል፣ የአቶሙ ዳርቻ 150 ሜትር ያህል ይርቃል፤ አንዲት ፍሬ በሰፊ እርሻ መካከል ማለት ነው። ክብደቱ ከሞላ ጎደል ያለው እዚያች ፍሬ ላይ ነው። ይህን ባዶ ሜዳ አጥፍቶ ፍሬን ከፍሬ የሚያጣብቀው የኮከብ ሞት ነው።

ከፀሐይ 8 እጥፍና ከዚያ በላይ የሚከብድ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ መሐሉ በገዛ ክብደቱ ይደረመሳል። ኤሌክትሮኖች ከፕሮቶኖች ጋር ተጨፍልቀው ኒውትሮን ይሆናሉ፤ የላዩ ክፍል ፈንድቶ ይበተናል። (አገራችን በ2012 ዓ.ም. «ቡና» ብላ የሰየመችው ኮከብ ይህ ዕጣ አይደርሰውም፤ ክብደቱ ከፀሐይ ብዙም አይበልጥም።) ከፍንዳታው የሚተርፈው ኳስ፣ ማለትም የኒውትሮን ኮከቡ፣ ብዙውን ጊዜ 1.4 ፀሐይ ይመዝናል፤ ይህም ከ460 ሺህ መሬቶች በላይ ነው። ስፋቱ ግን ከዳር እስከ ዳር 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ ያለውን መንገድ እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ሚዛን እንሂድ። አንድ ኩንታል ሰሊጥ ከ30 ሚሊዮን በላይ ፍሬ ይይዛል። ከኒውትሮን ኮከብ የተቆረሰች የአንዲት ፍሬ ታህል ቁስ ግን ብቻዋን 10 ሚሊዮን ኩንታል ያህል ትመዝናለች። 400 ኩንታል የሚጭን ባለ ተሳቢ መኪና 25 ሺህ ያስፈልጋል፤ መኪኖቹ ተጠጋግተው ቢሰለፉ ሰልፉ ከመተማ ተነሥቶ ጎንደርን ያልፋል፣ ባሕር ዳርንም ይሻገራል። በእርግጥ ያቺን ፍሬ ማንም አምጥቶ አያስቀምጣትም። ጨምቆ የያዛት የኮከቡ ክብደት ነውና፣ ከዚያ ብትወጣ በቅጽበት ትፈነዳለች።

ይበልጥ የሚገርመኝ ውስጡ ነው። ቅርፊቱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ላዩ ላይ እንደ ብረት ያሉ የአቶም እምብርቶች ተደርድረዋል። ወደ ታች ሲወረድ እምብርቶቹ እየተጣበቁ አንዳንዴ እንደ ክር፣ አንዳንዴም እንደ ስስ ቂጣ ይዘረጋሉ ተብሎ ይታሰባል፤ ሳይንቲስቶቹ ስሙን ከምግብ ወስደው «የኒውክለር ፓስታ» ይሉታል። ከዚያ በታች ያለው በአብዛኛው ያለ ሰበቃ የሚፈስ የኒውትሮን ፈሳሽ ነው። መሐል ለመሐል ኒውትሮኖቹም ወደ ተሠሩባቸው ቅንጣቶች፣ ወደ ኳርኮች፣ ፈርሰው እንደሆነ ዛሬም ክርክር ነው። ለክርክሩ ትልቅ ማስረጃ የሰጠው በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የተተከለው ናይሰር የተባለ መሣሪያ ነው። ከ2 ፀሐይ በላይ የሚመዝን አንድ ኮከብ ሲለካ፣ ስፋቱ 1.4 ፀሐይ ከሚመዝነው ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። ተጨማሪ ሸክም ሲጫንበት አልሟሸሸም፤ ውስጡ ከተገመተው በላይ ጠንካራ ነው ማለት ነው።

እነዚህ ከዋክብት መኖራቸው የታወቀው በአንዲት ተማሪ ትጋት ነው። ጆስሊን ቤል በካምብሪጅ 2 ሄክታር የሚጠጋ ሜዳ ላይ ከሌሎች ጋር ምሰሶ ተክላ፣ ሽቦ ዘርግታ፣ ኅዳር 1960 ዓ.ም. በየ1.34 ሰከንዱ የሚመታ የሬዲዮ ምት ቀዳች፤ ምንጩም የሚሽከረከር ኒውትሮን ኮከብ ሆኖ ተገኘ። የ1974 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ለመምህሯ ሲሰጥ እሷ ተዘለለች። ይህ ትክክል አልነበረም።

በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት በመተማ ቆላ ደጅ የሚያድር ሰው ቀና ይበል። በዓውደ ነገሥት ሠውር (በሬ) የሚባለው የኮከብ ምድብ በዚያ ሰዓት ከአናት በላይ ነው። በአንደኛው ቀንዱ ጫፍ አጠገብ፣ 6,500 የብርሃን ዓመት ርቆ፣ ቻይናውያን በ1054 እ.ኤ.አ. በጠራራ ፀሐይ ያዩት ፍንዳታ ቅሪት አለ። በመካከሉ ያለው ኒውትሮን ኮከብ በዓይን አይታይም፤ በየሰከንዱ 30 ጊዜ ይሽከረከራል።