የልብ ሕመምተኛን ስለ መጠበቅና ስለ ማስተማር

ልቡ የታመመ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ በእጁ የሚይዘው ነገር ብዙ አይደለም። የመድኃኒት ከረጢት፥ የቀጠሮ ወረቀት፥ ምናልባትም ሐኪሙ በፈረንሳይኛ የጻፈው አንድ ገጽ ማስታወሻ ነው። በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 7 ቢስ የሚኖር፥ አማርኛ እንጂ ፈረንሳይኛ የማያነብ ሕመምተኛ ይህን ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቡን የሚጠብቅለት ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሆስፒታል ሳለ መሣሪያው ይጠብቀው ነበር፤ ነርሷም መሣሪያውን ትጠብቅ ነበር። በቤት ግን መሣሪያም ነርስም የለም። ነርሶች ስለ ልብ መከታተያ መሣሪያና ስለ ሕመምተኞች ትምህርት ያደረጉት ምርምር ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጤናማ ሰው ልብ ዐርፎ በተቀመጠበት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ በቀንና በሌሊት ሲደመር አንድ መቶ ሺሕ ጊዜ ያህል ይሆናል። እያንዳንዱ ምት የሚነሣው በልብ ውስጥ ከሚፈጠር ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ሆላንዳዊው ሊቅ ቪሌም አይንትሆቨን ይህን ኃይል በመስመር ሥሎ የሚያሳይ መሣሪያ ስለ ሠራ በ1924 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ለብዙ ዓመታት የሐኪም ዕቃ ሆኖ ቆየ። ሐኪሙ ይመጣል፥ መስመሩን ያስነሣል፥ አንብቦ ይሄዳል። ሕመምተኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ነበር።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የልቡ የደም ሥር በድንገት የተዘጋበት ሰው፥ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፥ የልቡ ምት ተዘበራርቆ ሊቆም ይችላል። ይህ በሆነ ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በኤሌክትሪክ ንዝረት ካልተመለሰ ሕይወቱ ያልፋል። ሐኪም ከቤቱ ተጠርቶ እስኪደርስ ድረስ ደቂቃዎቹ ያልቃሉ። በ1962 ዓ.ም. በአሜሪካ በካንሳስ ሲቲ ዶክተር ሂዩዝ ዴይ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ተሰብስበው ሌትና ቀን የሚጠበቁበትን ልዩ ክፍል ከፈተ። በዚያው ዘመን በፊላዴልፊያ ዶክተር ሎውረንስ ሜልትዘርና ነርስ ሮዝ ፒኒዮ ከዚህ የበለጠ ደፋር እርምጃ ወሰዱ። ነርሷ የልቡን መስመር ራሷ እንድታነብ፥ አደጋ ያየች እንደ ሆነም ሐኪም ሳትጠብቅ ሥራውን እንድትጀምር አስተማሩ። ለነርሶች ያዘጋጁት የመማሪያ መጽሐፍ በ1965 ዓ.ም. ታተመ። ይህ በዚያ ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም፤ እስከዚያ ድረስ ትእዛዝ ተቀባይ የነበረችው ሴት በሞትና በሕይወት መካከል ፈራጅ ሆናለችና።

መሣሪያው በበዛ ጊዜ ደግሞ ሌላ ችግር ተነሣ። መከታተያው የልቡ ምት ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ እንዲደውል ሆኖ የተሠራ ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው ሲገላበጥ፥ ሲያስል፥ ወይም በደረቱ ላይ የተለጠፈው የገመድ ጫፍ ሲደርቅ ደግሞ ይደውላል። በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነርስነት ትምህርት ፕሮፌሰር የነበረችው ባርባራ ድሩና ባልደረቦቿ በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች 461 ሕመምተኞችን ለ31 ቀናት ተከታትለው በ2014 ዓ.ም. ውጤቱን አወጡ። በእነዚያ ቀናት መሣሪያዎቹ ከ2,500,000 በላይ ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል። ስለ ልብ ምት መዛባት ከተሰጡትና አንድ በአንድ ከተመረመሩት 12,671 ማስጠንቀቂያዎች ውስጥ ከመቶ 88.8 የሚሆኑት ሐሰት ሆነው ተገኙ። ሁልጊዜ የሚጮኽ ውሻ ሌባ በመጣ ጊዜ ሰሚ እንደማያገኝ ሁሉ፥ ሁልጊዜ የሚደውል መሣሪያም የነርሷን ጆሮ ያደነዝዛል። የተገኘው መፍትሔ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ቆዳውን በሚገባ ማጽዳት፥ የሚለጠፈውን በየቀኑ መለወጥ፥ የደወሉንም ልክ እንደ ሕመምተኛው ሁኔታ ማስተካከል ነው።

ከዚህ የምንረዳው መሣሪያ ያለሚያስተውል ሰው ከንቱ መሆኑን ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ የሚያስተውለው ሰው ከሕመምተኛውና ከቤተ ሰቡ በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም። በሆስፒታል የሚቆይበት ቀን ጥቂት ነው፤ ሕመሙ ግን የዓመታት ነው።

ይህን በተለይ የሚያስረዳው የልብ ድካም ነው። የደከመ ልብ ደሙን በሚገባ መግፋት ስለሚሳነው ውሃ በሳንባና በእግር ይጠራቀማል። ሕመምተኛው በሆስፒታል ውሃው ተቀንሶለት ድኖ ይወጣል፤ ጨው ይበላል፥ ኪኒኑ ሲያልቅ ይተወዋል፥ ከወር በኋላም እያቃተተ ይመለሳል። በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ የተደረገ ምርመራ የወጣው ለዚህ ነገር ነው። ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ያላነሰ 282 የልብ ድካም ሕመምተኞች በሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ክፍል የተለመደው ሕክምና ብቻ ተሰጠ። ለሁለተኛው ግን በነርስ መሪነት ስለ ሕመሙ፥ ስለ ምግቡና ስለ መድኃኒቱ ትምህርት ተጨመረለት፤ ወደ ቤቱም ከገባ በኋላ ክትትል ተደረገለት። በ90 ቀናት ውስጥ በልብ ድካም ምክንያት ወደ ሆስፒታል መመለስ በመጀመሪያው ክፍል 54 ጊዜ ሲደርስ በሁለተኛው 24 ጊዜ ብቻ ሆነ። ይህን ልዩነት ያመጣው አዲስ መድኃኒት አይደለም።

ትምህርቱ ግን ከአገሩ ጠባይ ጋር ካልተስማማ አይሠራም። በሴንት ሉዊስ የተባለውን እንዳለ ለካርቲየ 7 ቢስ ማንበብ ብዙ አይጠቅምም። መጀመሪያ ሙቀቱ አለ። ከግንቦት እስከ መስከረም በጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ውሃ የሚያሸና ኪኒን የሚውጥ ሕመምተኛ በላብም በሽንትም ውሃ ስለሚያጣ ከመቀመጫው ሲነሣ ያዞረዋል፤ ይወድቅማል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ኪኒኑን በራሱ ፈቃድ ይተዋል፤ ወይም ጥሙን ለማርካት ከታዘዘለት መጠን በላይ ይጠጣል። ሁለቱም ስሕተት ነው። የበጋው መጠን ምን ያህል እንዲሆን ሐኪሙን ሙቀቱ ሳይጀምር መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ጫት ነው። ከኢትዮጵያ በየቀኑ የሚገባው ጫት የልብን ምት ያፈጥናል፥ የደምንም ግፊት ከፍ ያደርጋል። በየመን በ2005 ዓ.ም. የወጣ ምርመራ አብዝተው የሚቅሙ ሰዎች በልብ የደም ሥር መዘጋት ለመያዝ እጅግ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ሕመምተኛውን «ጫት ክፉ ነው» ብሎ መገሠጽ ግን ትምህርት አይባልም። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር የሚቀመጥበት ሌላ ስፍራ ከሌለው ነገ ይመለስበታል። ይህን ሳይሸሽግ እንዲናገር የምታደርገው ነርስ ከምትገሥጸው ይልቅ ትረዳዋለች።

ጾምም እንዲሁ ነው። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም የምግብ ሰዓት ሲለወጥ የመድኃኒቱ ሰዓት ይዛባል። ሕመምተኛው ከሐኪሙም ከሃይማኖት አባቱም ጋር አስቀድሞ ቢመክር መንገድ አይጠፋም። ጨውን በተመለከተ የሚጨመረው በድስት ውስጥ ብቻ እንዳይመስል፤ በቆርቆሮ ዓሣ፥ ወጥ ማጣፈጫ ተብሎ በሚሸጠው ኩብ፥ በሽሮውና በበርበሬው ውስጥም አስቀድሞ ገብቷል። ስለዚህ ትምህርቱን መስማት ያለባት ወጡን የምትሠራው ሴት ናት።

በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ የልብ ሕመም በልጆችና በወጣቶች ላይ ይበረታል። የጉሮሮ ቁስል በሚገባ ሳይታከም ሲቀር የሚመጣው የመገጣጠሚያ ትኩሳት የልብን በሮች ያበላሻል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የሕፃናት ልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ብዙ ሕፃናትን ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ሲልክ ቆይቶ፥ በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ሆኖም ቀዶ ጥገናው ከመድረሱ በፊት ያለው ጥበቃ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንት የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ ነው። ለዓመታት ይቀጥላል፤ ያማል፤ ልጁም ደኅና መስሎ ስለሚታይ ይረሳል። በጅቡቲና በኢትዮጵያ መካከል የሚመላለስ ቤተ ሰብ የመርፌውን ቀን የሚያሳይ ካርድ ከመታወቂያ ወረቀቱ ጋር ሊይዝ ይገባዋል፤ በአንዱ አገር የተጀመረው በሌላው እንዳይቋረጥ። የብረት የልብ በር የተተከለለት ሰው ደግሞ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ስለሚውጥ የደም ምርመራውን እንዳያሳልፍ፥ ጎመንም አንድ ሳምንት አብዝቶ በሌላው ሳምንት እንዳይተው ሊነገረው ያስፈልጋል።

ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ ነርሶች ያረጋገጡት አንድ ዘዴ አለ። «ገብቶሃል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ነርሷን አክብሮ «አዎን» ይላል። ስለዚህ «ቤትዎ ሲገቡ ለባለቤትዎ እንዴት አድርገው ይነግሯታል?» ተብሎ በራሱ ቃል እንዲደግመው ይደረጋል። ያልገባው ነገር ያን ጊዜ ይገለጣል። አስተርጓሚ ሆኖ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት የገባ ትንሽ ልጅ ስለ ሆነና የአባቱን ሞት የሚያስፈራራ ቃል መተርጐም ስለሚከብደው፥ የሠፈር ሹማምንትና ማኅበራት አማርኛ፥ ሶማልኛ፥ አፋርኛና ዐረብኛ የሚያውቁ ጎልማሶችን ከጤና ጣቢያው ጋር ቢያገናኙ ብዙ ይረዳሉ። በየጤና ጣቢያው አንድ የማይሳሳት ሚዛን ማኖርም ከባድ ወጪ አይደለም።

በካርዱ ላይ የሚጻፈው አጭር ነው። ሕመምተኛው ጧት ከሸና በኋላ ሳይበላ፥ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ልብስ ይመዘን፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ፥ እግሩ ካበጠ፥ ወይም ትራስ ሳይደራርብ መተኛት ካልቻለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በእጅ አንጓው ላይ የልቡን ምት በሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቊጠር፤ ከልማዱ የራቀ ወይም የተዘበራረቀ ከሆነ ያስታውቅ። ደረቱን ጨምድዶ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚወርድ ሕመም ከያዘው፥ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ ሳይጠብቅ ቤተ ሰቡ ወደ ሆስፒታል ያድርሰው።